አሥሩ በማጣበቂያ

ጥር 4፣ ሰኞ

ሥራ አስኪያጁ ዛሬ አንድ ካርቶን ተሸክሞ ወርክሾፕ መጣ። ውስጡ የመሬት ውስጥ ቦይ ተቆጣጣሪዎች የሚይዟቸው አሥራ ሁለት የእጅ ባትሪዎች አሉ። ቆርቆሮ አካል፣ ፕላስቲክ አንገት፣ ሦስት ሦስት ድንጋይ የሚጎርሱ።

"እነዚህ ነገሮች ድንጋይ በልተው ጨረሱን። አምፖላቸውን አውጪና ኤል ኢ ዲ ግጠሚላቸው" አለኝ። "ይቻላል ወይ?" ብሎ አልጠየቀም። እንደምችል ያውቃል። ደስ አለኝ፤ ለራሴ ደብተር ምን ያስዋሸኛል።

የውሃ አገልግሎቱ ጥገና ክፍል ኃላፊ ከሆንኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ከእኔ በፊት በዚህ ወንበር ሴት ተቀምጣ አታውቅም። ወንዶቹ አይናገሩትም፤ ግን አንድ ነገር ሲበላሽብኝ ዝም የሚሉበት አኳኋን አላቸው።

ጋሼ ሜትር ከቦይ ወጥተው ሲያልፉ ካርቶኑን አይተው ገቡ። እውነተኛ ስማቸውን ብዙው ሰው ረስቶታል። ጨለማ ውስጥ እርምጃቸውን እየቆጠሩ "አሁን አራት መቶ ሃያ ሜትር ላይ ነን" ይላሉ፤ በገመድ ሲለካ ከአንድ ሜትር በላይ አይስቱም። ጀማሪ ሆኜ ስመጣ፣ ማንም አብሯት መሥራት የማይፈልጋትን ልጅ "እሷን እኔ አለማምዳታለሁ" ያሉት እሳቸው ናቸው። ሃያ ዓመት ሆነው። አሁን ጡረታቸው ሁለት ወር ተኩል ነው የቀረው።

"አንቺ ልጅ፣ ልታጨልሚብን ነው?"

"ላደምቅልዎት ነው እንጂ።"

"አሮጌው ደግ ነው። ሊጠፋ ሲል አስቀድሞ ይታመማል። ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይቀላል። ያን ጊዜ ሰው ወደ በሩ ይመለሳል። ያንቺስ?"

"የእኔ አይታመምም" አልኳቸው። ሳቅን።

ጥር 8፣ ዓርብ

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አለቁ። ሰው ቢያየኝ ስለ ልጄ የማወራ ይመስለው ነበር።

አሮጌው አምፖል ሙቀቱን ከብርሃኑ ጋር ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ መስታወቱ የሚሞቀው ለዚህ ነው። ኤል ኢ ዲ ግን ብርሃኑን ወደ ፊት ልካ ሙቀቱን ከጀርባዋ፣ እተቀመጠችበት ላይ ታስቀረዋለች። ራሷ ከሸሚዝ ቁልፍ ታንሳለች። ከኋላዋ ሙቀቱን ተቀብሎ ወደ ቆርቆሮው የሚያደርስላት ብረት ካላገኘች ራሷን በራሷ ትጠብሳለች። ስለዚህ የቶርኖው ሰው ሁለት ክብ አሉሚኒየም ቆረጠልኝ፤ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ቆርቆሮው ውስጥ ጥብቅ ብሎ የሚገባ። እያጉረመረመ ነው የቆረጠው፤ ሳያጉረመርም የሚሠራው ነገር የለም።

መጀመሪያ በሦስት መቶ ሚሊ አምፔር አበራሁት። አሮጌው አምፖል አምስት መቶ ይጠጣ ነበር። በትንሽ ድንጋይ ብዙ ብርሃን ማለት ነው፤ ቆርቆሮው እንኳን ለብ ከማለት አላለፈም። እዚያው ላይ መተው ነበረብኝ።

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ግድግዳው ላይ አበራና "ጥሩ ነው። ግን በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ከላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች አሉብን። ትንሽ ጨምሪበት፣ ቀን ነው ወይ ይበሉ" አለ።

ወደ ሰባት መቶ አወጣሁት። ቀን መሰለ። እሱ በፉጨት ወጣ። ሁለቱንም ሁለት ሁለት ሰዓት አቆየኋቸው፤ ቆርቆሮው ትኩስ ሻይ እንደያዘ ብርጭቆ ሆነ እንጂ ይያዛል።

በሰባት መቶ ከአሮጌው የበለጠ ድንጋይ ይበላል። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ሌላ ቀን እነግረዋለሁ።

ጥር 13፣ ረቡዕ

ጥድፊያ። የዋናው ፓምፕ ዘንግ ተሰብሮ ቶርኖው በእሱ ተይዟል። "አሥር ክብ ቆርጬ የምሰጥሽ የዛሬ ሳምንት ነው" አለኝ የቶርኖው ሰው። እንግዶቹ ቅዳሜ ናቸው። ቀኑን አራዝሙልኝ ማለት እችል ነበር። አልቻልኩም።

አሥሩን ፕላስቲኩ ላይ በማጣበቂያ አጣበቅኳቸው። ለጊዜው ነው። እንግዶቹ ሲሄዱ ፈትቼ አሉሚኒየሙን አስገባለሁ።

አንዱን አሥር ደቂቃ አበራሁት። ደህና ነው።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

እንግዶቹ ቦዩ አፍ ድረስ ወረዱ። አሥራ ሁለቱ ባትሪዎች አንድ ላይ ሲበሩ የጣሪያው ስንጥቅ ሁሉ ታየ። አንዷ እንግዳ "ማን ሠራው?" ስትል ሥራ አስኪያጁ በእጁ ወደ እኔ አመለከተ። ጋሼ ሜትር ከሁሉም በፊት አጨበጨቡ። "ዓይኔን አበራሽልኝ" አሉኝ፤ እንደ አባት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

የርክክብ ቅጹ ላይ "ለሁለት ሰዓት ተፈትሿል" ብዬ ፈርሜያለሁ። ተፈትሿል። ሁለቱ ተፈትሸዋል። ቅጹ የትኛው ብሎ አይጠይቅም።

የትኞቹ ሁለቱ እንደሆኑ ምልክት አላደረግሁም። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው።

ጥር 20፣ ረቡዕ

አንደኛው ተቆጣጣሪ በመስኮት ብቅ ብሎ "እሜቴ፣ ባትሪሽ አንገቱ ያቃጥላል" አለኝ።

"ጨርቅ ጠቅልሉበት" አልኩት።

ቶርኖው አሁንም በፓምፑ ተይዟል። እውነቱን ለመናገር ከእንግዶቹ ወዲህ ሄጄ አልጠየቅኩም።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

ጋሼ ሜትር ወደቁ። ቦይ ውስጥ። ጭናቸው ተሰብሯል። በአልጋ ተሸክመው ሲያወጧቸው አየሁ፣ አንድ እግር ጫማቸው የለም። ባትሪው አብሮ ወጥቷል፣ እጄ ላይ ነው ያስቀመጡልኝ። መጻፍ አልችልም።

ጥር 27፣ ረቡዕ

ሆስፒታል ሄድኩ። ባለቤታቸው አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ እትዬ ነው የምላቸው። ቦታ ለቀው አስቀመጡኝ።

ጋሼ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ነገሩኝ። ሁለት መቶ ሰማንያ ሜትር ላይ ነበሩ። የሥራ ጓደኛቸው ቀድሞ ሄዷል። ባትሪው ምንም ሳያሳይ ቀጥ ብሎ ጠፋ። መታ መታ ላደርገው ብለው አንገቱን ሲይዙት መዳፋቸውን ለበለባቸው፤ ወረወሩት፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ፤ እዚያ ጋ የመራመጃው ዳር ጠባብ ነው።

"ሳልቆጥር የተራመድኩት እሱን አንዱን ብቻ ነው" አሉ። ሊያስቁኝ ፈልገው ነው። መዳፋቸው ላይ ፋሻ አለ። እትዬ "የአንቺ ባትሪዎች ባይኖሩ ኖሮ ምን እንሆን ነበር፣ ጓደኛው በያዘው በአንዱ ብርሃን ነው ፈልጎ ያገኘው" ብለው እጄን ያዙ።

ውሃ ላምጣ ብዬ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቆየሁ። ውሃውን ሳላመጣ ተመለስኩ።

ጥር 30፣ ቅዳሜ

ሥራ አስኪያጁ ባትሪውን መርምረሽ ለአጣሪ ኮሚቴው ሪፖርት ጻፊ አለኝ። ከእኔ ሌላ ማን ይመርምረው።

ሰው ሲወጣ በሩን ዘግቼ ከፈትኩት። ከአሉሚኒየሞቹ አንዱ ይሆናል ብዬ ተመኝቼ ነበር፤ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የዕድል ይሆናል። አይደለም። ማጣበቂያው ጠቁሮ እንደ ተቃጠለ ስኳር አረፋ ሠርቷል። ፕላስቲኩ ቀልጦ ዘንበል ብሏል። ኤል ኢ ዲዋ ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ አንዱ ሽቦ ከብየዳው ተላቆ፣ በሌላው ሽቦ ተንጠልጥላለች። ፊቷ ጠቁሯል። ለማየት መማር እንኳን አያስፈልግም።

ድንጋዮቹን ለካኋቸው። ደክመዋል። በሰባት መቶ ሚሊ አምፔር ምን ይሁኑ።

የጻፍኩት ይኼ ነው፦ "የባትሪው ድንጋዮች ደክመው ተገኝተዋል። በመውደቁ ምክንያት መብራቱ ከቦታው ተላቋል።"

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። ስለ ሁለተኛው ብዙ አሰብኩ። ወድቋል፤ ተላቋልም።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ሻይ ክፍል በር ላይ ደርሼ ቆምኩ፤ ውስጥ ስለ ጋሼ እያወሩ ነበር።

"ድንጋይ ሳይቀይሩ እንዴት ይገባሉ?"

"ኧረ እርጅና ነው። ከዓመት በፊት መውጣት ነበረባቸው።"

"ሜትር ሲቆጥሩ ድንጋይ መቁጠር ረሱ።" ተሳሳቁ።

ጋሼ ሜትር ሲገቡም ሲወጡም ድንጋያቸውን በምላሳቸው ጫፍ የሚፈትሹ ሰው ናቸው። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ገብቼ መናገር እችል ነበር። ሻይም ሳልጠጣ ተመለስኩ።

ከሰዓት የቶርኖው ሰው እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ወንበር አልሳበም።

"እኔ ሁለት ነበር የቆረጥኩልሽ" አለ።

"አዎ።"

"አሥሩን ማን ቆረጠልሽ?"

የያዝኩትን ብሎን ማጥበቄን ቀጠልኩ። እሱ ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ። ለማንም አልተናገረም። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 8፣ እሑድ

ጋሼ ቤታቸው ገብተዋል። ሾርባ ሠርቼ ወሰድኩላቸው። ይኼ ሦስተኛዬ ነው። እትዬ ለጎረቤቶቻቸው "ከወለድናቸው ትበልጣለች" አሉ እኔው ፊት። ፊቴ ደም መሰለ፤ ትሁት ሆኜ መሰላቸው።

ቤት ስመለስ እናቴ ሳህን እያጠበች ነበር። "ይሄን ሰው እንዲህ ትወጂዋለሽ እንዴ?" አለችኝ።

"ያሳደጉኝ ናቸው፣ እማዬ።"

"ከአባትሽ ሞት ወዲህ እንዲህ ስትመላለሺ አላየሁሽም። ያኔም ሳትታረቁ ነው የሞተው።" ሳህኑን አስቀመጠች።

የካቲት 12፣ ሐሙስ

የኮሚቴው ደብዳቤ ወጣ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። "ሠራተኛው የባትሪ ድንጋይ ሳይቀይሩ ወደ ቦይ በመግባታቸው በራሳቸው የጥንቃቄ ጉድለት…" ከግል ማኅደራቸው ጋር ይያያዛል። የሠላሳ አራት ዓመት ማኅደር ነው፤ አንድ የወቀሳ ወረቀት የለበትም። "በሪፖርቱ መሠረት" ይላል። ሪፖርቱ የእኔ ነው።

ቆሜ ሳነብ ከኋላዬ ሰዎች ያነባሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

ለጋሼ ደብዳቤውን ያደረሰላቸው ዘበኛው ነው። አንብበው "እኔ?" ብቻ አሉ አለኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አነበቡት፤ ያለ መነጽር።

ነገ እነግራቸዋለሁ።

የካቲት 13፣ ዓርብ

አልነገርኳቸውም። ተቆጣጣሪዎቹ ዛሬም በሰዓታቸው ወጡ፤ መዝገቡ ላይ ፈረምኩ። ሥራ በዛብኝ።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

በምሳ ሰዓት ሄድኩ። እትዬ ጓዳ ነበሩ። ጋሼ መስኮቱ ሥር ተጋድመዋል። እንደ ወትሮው "ነይ፣ አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪ" አሉኝ። አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ እንደማልናገር ገባኝ።

"ጋሼ፣ ባትሪውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሁለቱ በአሉሚኒየም፣ አሥሩ በማጣበቂያ። ሦስት መቶ ይበቃ እንደነበር፣ ለሰው ዓይን ብዬ ወደ ሰባት መቶ እንዳወጣሁት። አሥር ደቂቃውን። ጨርቅ ጠቅልሉበት ማለቴን። ሪፖርቱን። ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ነው የተናገርኩት፤ በየመንገዱ ለሁለት ሳምንት ስለማመደው ነበር። ቢሰድቡኝ የምመልሰውን አዘጋጅቻለሁ። ይቅር ቢሉኝ የምመልሰውንም።

መዳፋቸውን ገልብጠው ጠባሳውን አዩት።

"አሥር ነው ያልሽኝ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"አንዱ የእኔ ነው። ዘጠኙስ የት አሉ?"

"ዘጠኙ?" አልኩ።

"ዛሬ ማክሰኞ ነው" አሉ። "ማክሰኞ ታችኛውን ቦይ ነው የሚያዩት። ዘጠኙ የት አሉ ነው የምልሽ?"

ሦስት ሳምንት። ባትሪዎቹ በየጠዋቱ በእኔ ፊርማ ይወጡ ነበር። በዓይኔ ፊት አልፈው ይሄዱ ነበር። እኔ ስለ ሪፖርቴ፣ ስለ ስሜ፣ ሰው ምን ይላል ስለሚለው ስብሰለሰል አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ እንኳን፣ ሰዎቹን አላሰብኳቸውም።

"ምን ትቆሚያለሽ፣ ሂጂ" አሉኝ። አልጮሁም።

በእግሬ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በሥራ ጋውን፣ መንገድ ላይ ሰው ዞሮ እያየኝ። ዘበኛው በር ላይ "ሦስቱ ገብተዋል፣ ሰዓት ሆኗቸዋል" አለኝ። የእሱን ፋኖስ ነጥቄ ወረድኩ። ከሃያ ዓመት በፊት ጋሼ በያዙልኝ መሰላል ነው የወረድኩት። ስጮህ ድምፄ ተመልሶ ይመጣብኛል። አንድ መቶ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄጄ ሦስቱን አገኘኋቸው፤ አንዱ ባትሪ ጠፍቶባቸው በሁለቱ እየመጡ ነበር። ባትሪዎቹ ላይ የጠቀለሉት ጨርቅ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል፤ ይሸታል።

"እሜቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አለኝ የፊተኛው።

"አጥፏቸው። የእኔን ፋኖስ ተከተሉ" አልኩ። ለምን እንደሆነ እዚያው ጨለማ ውስጥ ነገርኳቸው። እስከ መሰላሉ ድረስ ውሃው ብቻ ነው የሚሰማው።

ማታ አሥራ አንዱንም ከፍቼ አይቼ ዘጠኙን በካርቶን ሰብስቤ ቆለፍኩባቸው።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

አዲስ ሪፖርት ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ በሩን ዘጋ።

"ያለቀ ነገር ለምን ትነካኪያለሽ? ሰውዬው ለራሱ ሊወጣ ነው። ደብዳቤው ምን ያደርገዋል?"

"ደብዳቤው የእሳቸው አይደለም። የእኔ ነው።"

"ብሩህ አድርጊው ያልኩትንም ጽፈሻል።"

"ብለሃላ።"

"እኔ አቃጥይው አልኩ?"

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። እሱ ብርሃን ነው የጠየቀኝ። አይሆንም ማለት የእኔ ሥራ ነበር። ይህንም ጨመርኩበትና ራሴ ለኮሚቴው ሰጠሁ። የተቃጠለውን ባትሪ ከሪፖርቱ ጋር ጠረጴዛቸው ላይ ከፍቼ አስቀመጥኩት።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። አምስት ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢው ኤል ኢ ዲዋን በእርሳስ ጫፍ እያነሳ "ይህን ጥር ሠላሳ አይተሽዋል?" አለ።

"አይቼዋለሁ።"

"እንዲህ ሆና?"

"እንዲህ ሆና።"

ከዚያ በኋላ የጠየቁኝ ሁሉ ከዚህ ቀለለ።

የጋሼ ወረቀት ከማኅደራቸው ይወጣል፤ ጉዳታቸው የሥራ ላይ ጉዳት ተብሎ ይመዘገባል። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ከጥገና ክፍል ተነስቼ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እዛወራለሁ። ወንበሬን ለጊዜው የቶርኖው ሰው ይይዘዋል። ቅሬታ የለኝም። አለኝ ብል ለማን?

ትናንት ከእሱ ጋር ዘጠኙን ፈታናቸው። ፓምፑ ስላለቀ አሉሚኒየሙን በአንድ ቀን ቆረጠው። አንድ ቀን ነበር የፈጀበት። ሁሉንም ወደ ሦስት መቶ አወረድናቸውና አንድ ላይ ሦስት ሰዓት አበራናቸው፤ እሱ ሰዓት ይይዛል፣ እኔ እጄን በየተራ ቆርቆሯቸው ላይ አደርጋለሁ። ቀኑን ሙሉ ስለ ሥራ ካልሆነ አላወራንም። ማጉረምረሙንም ትቶት ነበር፤ እሱ ነው የከበደኝ።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼ ቤት ሄድኩ። እትዬ በሩን ሙሉ በሙሉ አልከፈቱትም።

"ተኝተዋል" አሉኝ።

ከውስጥ ሬዲዮ ጣቢያ ሲቀያይሩ ይሰማል። እትዬም እንደሰማሁ አውቀዋል። ሁለታችንም መሬት አየን።

"ተኝተው ሲነሱ ሰላም ይበሉልኝ" አልኩ።

"እሺ" አሉ። በሩን የዘጉት ቀስ ብለው ነው።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ

ጋሼ ሜትር ጡረታ ወጡ። ደብዳቤያቸውን ሊወስዱ በክራንች መጡ። ግምጃ ቤት ሆኜ የሰዎቹን ጫጫታ እሰማለሁ፤ ከየክፍሉ ወጥተው አቀፏቸው፣ ቀልድ ተጀመረ። "ከበሩ እስከዚህ ስንት ሜትር ነው?" አላቸው አንዱ። "በክራንች ነው በእግር?" አሉ፤ ሁሉም ሳቀ።

ወደ እኔ እንደሚመጡ አውቃለሁ። ጡረታ የሚወጣ ሰው የያዘውን ዕቃ ለግምጃ ቤት ሳያስረክብ መሄድ አይችልም፤ የምቀበለው ደግሞ እኔ ነኝ።

ዘበኛው ዕቃቸውን ተሸክሞ አስቀመጠላቸውና ወጣ። የራስ ቁር። የላስቲክ ቦቲ። ቀበቶ ከነገመዱ። ጋሼ ክራንቻቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው ቀጥ ብለው ቆሙ።

"እንደምን አደሩ" አሉ።

ከኋላዬ ሥራ አስኪያጁ የቆመ መስሎኝ ዘወር አልኩ። መደርደሪያው ብቻ ነው ያለው።

"ደህና" አልኩ። "እንዴት ነው እግርዎ፣ ጋሼ?"

"ደህና ነው። ዕቃዬን ይቁጠሩልኝና ይፈርሙልኝ።"

ቆጠርኩ። ሦስት ዕቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። ሁሉም ንጹሕ ነው፣ ቦቲው ሳይቀር ታጥቧል። ቅጹ ላይ ፈርሜ አንዱን ቅጂ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ በፊት የሰጠኋቸውን ወረቀት ሳያነቡ ነበር ኪሳቸው የሚከቱት።

"ልክ ነው" አሉ። አጠፉት። "ደህና ይሁኑ።"

"ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ።"

ክራንቻቸውን አንስተው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ የቶርኖው ሰው ጠብቋቸው ኖሮ "አንተ ነጭናጫ፣ ና እስቲ ደግፈኝ" ሲሉት ሰማሁ። ድምፃቸው እስኪርቅ ድረስ ብዕሩን ከእጄ አላስቀመጥኩም።